ዝናቡ ነው ወይስ ሚኒስትሩ?

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሐዋሳ ደመናዋን ተከናንባለች፣ መብራት ጠፍቷል። ፒያሳ ያቺ የምታውቋት ካፌ ገብቼ ሜኑ አነሳሁ። ዋጋዎቹ የተጻፉት ተቆርጦ በተለጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ነው። የአንዱን ጫፍ በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ሳነሳው ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ። ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ፤ የታችኛው በልጅነቴ የማውቀው ዋጋ እስኪመስለኝ ድረስ ርካሽ ነው። አስተናጋጇ አየችኝና "ኧረ ጋሼ፣ አይላጡብኝ!" አለች። ጋሼ መባሌ ራሱ ሌላ ድብርት ነው።

ያኔ የሐምሌ 2016 ያቺ ሰኞ ትዝ አለችኝ፣ መንግሥት በሪፎርሙ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀባት። አርብ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሰኞ ባንክ ውስጥ ወደ 75 ተጠግቶ ያደረባት። በኋላማ መቶን አልፎ ሄደ። አንድ የባንክ ልጅ በዚያ ሰሞን "ታገስ፣ ጋናም የወጣችው በዚሁ መንገድ ነው" ብሎኝ ነበር። ይቺ "ጋናም" እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። የመመረቂያ ጽሑፌ በጋና ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ በጋና አይቀለድብኝም።

እ.ኤ.አ. 1983 ጋና ላይ ያልወረደ መዓት የለም። ድርቅ ገባ። ሰደድ እሳት የኮኮዋ እርሻውን በላው። በዚያው ጥር ናይጄሪያ "ወረቀት የሌላችሁ ውጡ" ብላ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ጋናዊ ጓዙን ተሸክሞ አገሩ ገባ። የዋጋ ንረቱ ከ100 በመቶ አለፈ። ሰው ከመክሳቱ የተነሳ አግጥጦ የወጣውን የአንገት አጥንት "የሮውሊንግስ ሐብል" አሉት፣ በመሪያቸው ስም። ተርቦ መቀለድ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሚገርመኝ ሰውየው ነው። ጄሪ ሮውሊንግስ በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ዋጋ የሰቀሉት ነጋዴዎች ናቸው ተብሎ ወታደሮች የአክራን ማኮላ ገበያ አፈረሱት። ገበያው ፈረሰ፣ ዋጋው ግን አልፈረሰም። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ያየ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ታዲያ ይኸው ሰውዬ በ1983፣ ግራ ዘመም ከነበረው የገንዘብ ሚኒስትሩ ከክዌሲ ቦችዌ ጋር ሆኖ አይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) በር ላይ ቆመ፣ ብድርና ሪፎርም ፍለጋ። ለአንድ ዶላር 2.75 ሲዲ (የጋና ገንዘብ) የነበረው ምንዛሪ በ1986 መጀመሪያ 90 ገባ። እንግዲህ የእኛን 57 አስቡት።

ኮኮዋው ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ500 ሺህ ቶን በላይ ያመርት የነበረ አገር በ1983/84 ከ160 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ መንግሥት በሞተ ዋጋ ሲገዛው ኮኮዋውን በሌሊት ድንበር አሻግሮ ኮትዲቯር ይሸጠዋል። የመግዣ ዋጋው ከፍ ሲል ያ ኮኮዋ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከተማ ያለው ደሞዝተኛ ግን ሂሳቡን ከፈለ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ተቀነሱ። በ1985 የሆስፒታል ክፍያ ተጨመረ።

እዚህ ላይ አጎቴ ይመጣል። አለታ ወንዶ ቡና አለው። ዶላሩ ሲወጣ የእሸት ቡና ዋጋም አብሮ ወጣ፣ እሱም የቤቱን ቆርቆሮ ቀየረ። እኔ ማኪያቶዬን በጀበና ቡና ቀየርኩ። ድሮ ለበዓል ከከተማ ብር የምንልክለት እኛ ነበርን። ባለፈው ደውሎ "ደሞዝህ ይበቃሃል ግን?" አለኝ። ይበቃኛል አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ በሳምንቱ ከቆጮ ጋር ቡና በማዳበሪያ ላከልኝ። ቡናውን አፈላነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል። ስለ ሪፎርሙ ሁለታችንን ብትጠይቁን የሁለት አገር ሰዎች እንመስላችኋለን። አክራ ያለው ጸሐፊና ኩማሲ አካባቢ ያለው የኮኮዋ ገበሬም እንዲሁ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ግን አንድ ነገር አለ። በ1984 ዝናብ መጣ። በቆሎው ሞላ፣ ኢኮኖሚው በዚያው ዓመት ከ8 በመቶ በላይ አደገ፣ ዓለምም ሁሉ ሪፎርሙን አጨበጨበለት። ስንቱ የዝናቡ ነው? ስንቱስ የቦችዌ? ጽሑፌን ሳቀርብ አማካሪዬ ይቺኑ ጠየቀኝ። "ሁለቱም" አልኩ። ሳቀና አሳለፈኝ። አሁን ሳስበው ዝናብ ብቻውን ኮኮዋ ከኮትዲቯር አይመልስም፤ ከዚያ በኋላም እድገቱ በዓመት 5 በመቶ አካባቢ እየሆነ ለዓመታት ቀጥሏል። ስለዚህ ሚኒስትሩም ድርሻ አለው። እሺ። ታዲያ በ2022 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ እንደገና 54 በመቶ የገባው፣ በ2023 አይኤምኤፍ ዘንድ ለ17ኛ ፕሮግራም የሄደችው ይህችው ምስጉን ተማሪ አይደለችም እንዴ? አስራ ሰባት ጊዜ የታከመ ሰው ዳነ ነው የሚባለው ወይስ ደንበኛ ሆነ?

ማታ ይህንን ሁሉ በሻማ ለባለቤቴ አስረዳኋት። ሲዲውን፣ ኮኮዋውን፣ ማኮላን፣ አንድም አልቀረኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "አንተ፣ ያንን የመመረቂያ ጽሑፍ አሁንም አልጨረስከውም?" አለችኝ።

ተኛች። እኔ ስልኬ 9 በመቶ ቻርጅ ቀርቶት ይህንን እጽፋለሁ። ቆይ ግን፣ ያ የ1984 ዝናብ ባይመጣስ ኖሮ?