ድብን በማባበያና በክሮስቦው፦ ከሰሜን ሚኒሶታ ጫካ የተማርኩት

ሚኒሶታ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል አንወጣም። ወደ ሰሜን ጥቂት ሰዓት ብትነዳ ግን ሌላ አገር ነው። ጥድ፣ ረግረግ፣ ሐይቅ፣ ከዚያ እንደገና ጥድ። ጥቁር ድብ ያለው እዚያ ነው። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አባቱ ኢታስካ ካውንቲ ውስጥ መሬት አላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድብ ያደኑ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩት ማባበያ ልሸከምላቸው ነበር። ባልዲ ይዤ ስመላለስ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የራሴን ፈቃድ አወጣሁ።

"ማባበያ" ሲባል ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። ምግብ አስቀምጦ መግደል ምን ጀግንነት አለው ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ከመጀመሬ በፊት ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ ማባበያ የሚሰጥህ ጊዜ ነው። ድቡን ተረጋግተህ ታየዋለህ። ግልገል ይዛለች? ትልቅ ነው ትንሽ? ጎኑን ሰጥቷል ወይስ ፊቱን? ካላማረህ ትተወዋለህ። የሰሜኑ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሃያ እርምጃ ላይ የቆመ ድብ ላይታይህ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ድንገት የተገናኘኸው ድብ ላይ ለማሰብ ጊዜ አይኖርህም። በችኮላ የተተኮሰ ደግሞ ቆስሎ ይሄዳል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። አደኑ ሴፕቴምበር 1 ይጀምርና ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ያበቃል። የድብ አገሩ በዞን የተከፋፈለ ነው። በብዙዎቹ ዞኖች የፈቃዱ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ዕጣ ይወጣል፤ ማመልከቻው ሜይ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ኮታ የሌለው አካባቢም አለ፤ እዚያ ያለ ዕጣ ፈቃድ ትገዛለህ። በፈረንጆቹ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጦር መሣሪያ ደህንነት ኮርስ ወስዶ ሰርተፍኬት መያዝ አለበት።

ዋናው ሥራ ያለው ማባበያው ላይ ነው። ምግብ መጣል የሚፈቀደው ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ነው። ቦታውን የመረጡት ሽማግሌው ናቸው። ከረግረጉ ዳር፣ ጥላ ያለበት፣ ድቡ ሳይጋለጥ መጥቶ ሳይጋለጥ የሚመለስበት ቦታ። ትልቅ ድብ በብርሃን ሜዳ ማቋረጥ አይወድም። ቀጥሎ ነፋስ ነው። እኛ ጋ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ዛፍ ላይ የሚታሰረውን መቀመጫችንን ከማባበያው በስተምሥራቅ አደረግን። ድብ ግን ብልህ ነው። ከመቅረቡ በፊት ይዞርና ከነፋሱ በታች ሆኖ ያሸታል። ስለዚህ ከጀርባችን ድሮ እንጨት የሚጫንበት ክፍት መንገድ እንዲሆን ተደረገ። እዚያ ወጥቶ ለማሽተት ራሱን ማሳየት ስላለበት ይተወዋል።

የምንጥለው ያደረ ዳቦ፣ ዶናት፣ ፋንዲሻ፣ አጃ፣ ሞላሰስና ከምግብ ቤት የተረፈ የመጥበሻ ዘይት ነው። ዘይቱን መሬቱ ላይ ማፍሰስ የሽማግሌው ዘዴ ነው። ድቡ ይረግጠዋል፣ በእግሩ ይዞት ይሄዳል፣ በሄደበት ሁሉ ሽታ ይተዋል። ሌላ ድብ ያንን ዱካ አግኝቶ ተከትሎ ይመጣል። ምግቡን ጉድጓድ ውስጥ አድርገን ከላይ ከባድ ግንድ እንጭንበታለን። ራኩንና ቁራ ግንድ አያነሱም። ስትመለስ ግንዱ ወዲያ ተጥሎ ካገኘኸው እንግዳህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ዳቦውን ከነላስቲኩ መጣል ክልክል ነው። ላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የማይበሰብስ ነገር ሁሉ አይፈቀድም። ማባበያው የማን እንደሆነ የሚገልጽ ምልክትም መለጠፍ ግዴታ ነው። ቸኮሌት ያለበትን ነገር ደግሞ እኔ በፍጹም አልጥልም። በ2014 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አንድ ማባበያ ቦታ ላይ አራት ድቦች ሞተው ተገኝተዋል። የገደላቸው ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ነበር። ግዛቱ ከዚያ በኋላ ቸኮሌትን ለማባበያ ከለከለ። በርካሽ የሚገኝ ያደረ ጣፋጭ ስትገዛ ውስጡ ምን እንዳለ እያየህ ለይ።

ሰዓት መጠበቅም አለ። ሽማግሌው ምግብ የሚያስቀምጡት ሁልጊዜ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። እያወሩ፣ ባልዲ እያንኳኩ ይገባሉ፣ ቶሎ ይወጣሉ። ድቡ የሰው ሽታ እዚያ እንዳለ ያውቃል፤ ማጥፋት አይቻልም። ግን ሰውየው መጥቶ እንደሚሄድ ይለምዳል። ምሽት የእሱ ሰዓት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጫካው ራሱ የሚያዘጋጀው ምግብ ይበልጥሃል። ድብ ለክረምቱ እንቅልፍ ሲዘጋጅ በቀን እስከ 20 ሺህ ካሎሪ ሊበላ ይችላል። የዱር ሐዝልነትና የኦክ ፍሬ ባማረበት ዓመት ዶናትህን ዞር ብሎ አያየውም። ፍሬ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ማባበያው ይጨናነቃል። ስለዚህ ማባበያ ከመጣልህ በፊት በእግርህ ዞረህ ቁጥቋጦውን ተመልከት። አብዛኛው ድብ የሚገደለው አደኑ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሬው ይወስዳቸዋል።

እናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለችና፣ "ልጄ፣ የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?" አለችኝ።

"ሰዎቹ ይበሉታል እማዬ። ሥጋው ክረምቱን ሙሉ ለቤታቸው ነው።"

"ካላባከናችሁት ደህና" አለች።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ድብ የተሰነጠቀ ሰኮና የሌለው፣ የማያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ለእኔ አይበላም። ይህን ከሽማግሌው ጋር ከመጀመሪያው ተነጋግረናል። ሥጋው ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ቤት እንዲሆን ተስማማን። የሚበላ ሰው ባይኖር ኖሮ ፈቃድ አላወጣም ነበር። ይህን ለሚያስብ ሐበሻ ሁሉ የምለው ነው፦ ሥጋው ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ ዛፍ ላይ አትውጣ።

ክሮስቦው ሰደፍና ቃታ ያለው ቀስት ነው። ጥቅሙ ተወጥሮ መቆየቱ ነው፤ ድቡ ፊትህ ቆሞ ሳለ አውታር ለመሳብ አትንቀሳቀስም። ግን ጠመንጃ አይደለም። አንድ ፍላጻ ነው ያለህ። ሁለተኛውን ለማስገባት ተነስተህ፣ በገመድ ስበህ መወጠር አለብህ፤ ድቡ እስከዚያ አይጠብቅህም። ሩቅ መምታት የሚችል መሣሪያ ቢሆንም እኛ መቀመጫውን ያሰርነው ከማባበያው ወደ 15 ሜትር ላይ ነው። የፍላጻው ጫፍ የማይታጠፍ፣ ስለቱ ምላጭ የሆነ ይሁን።

እጅህን ጠብቅ። መሣሪያውን ከፊት የደገፈው እጅህ አውራ ጣት አውታሩ ከሚሄድበት መስመር በላይ ከወጣ ይቆርጠዋል። ፍላጻ ሳይኖርበት አትተኩስ፤ ቀስቱ ይሰበራል። የቀስቱ ክንዶች ሲለቀቁ ወደ ጎን ይፈናጠራሉ፣ ስለዚህ ቅርንጫፍም የመቀመጫው ብረትም እንዳይነካቸው ቀድመህ አይተህ አስተካክል። ዛፍ ላይ ስትወጣ መሣሪያው ፍላጻ ሳይገባበት በገመድ ነው የሚጎተተው። ከዛፉ ጋር የሚያስርህን ቀበቶ ከመሬት ተነስተህ መሬት እስክትመለስ አትፍታ። ልምምዱንም ሜዳ ላይ ቆመህ ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጠህ፣ ቀበቶ ታስረህ አድርገው። ከላይ ወደ ታች ሲተኮስ ሁሉም ነገር ይለያል።

ከዚያ መቀመጥ ነው። ድብ ሲመጣ አይሰማም። ያ የሚያክል እንስሳ ደረቅ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ብቅ ይላል። መጠኑን መለየት ትምህርት ይፈልጋል። ሽማግሌው፣ "መጀመሪያ ዓይንህ ውስጥ የገባው ጆሮው ከሆነ ገና ልጅ ነው" ይሉኛል። የትልቅ ድብ ጆሮ ጭንቅላቱ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ መስሎ ወደ ጎን ይወርዳል። ሆዱም ወደ መሬት ይቀርባል። ርዝመቱን የምታውቀው ግንድ ማባበያው አጠገብ ካለ ከዚያ ጋር ታስተያየዋለህ።

እናት ድብ መጣች። ብቻዋን ነበረች፣ ትልቅ፣ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። አልተኮስኩም። ግልገሎች ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ አንዳንዴም ዛፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ቆይቶ ሁለት ግልገሎች ከቁጥቋጦው እየተጋፉ ወጡ። በላተኛ ናቸው፣ ይጣላሉ፣ ይንጫጫሉ። እስኪጨልም አየኋቸው። ግልገል መግደል ክልክል ነው፤ እናቲቱ ከሞተች ደግሞ ክረምቱን ለማለፍ ይቸገራሉ። ማባበያ ጊዜ ይሰጣል ያልኩት ይህንን ነው። ያቺ ምሽት ከአደኑ ሁሉ የምወዳት ናት።

በኋላ የተኮስኩት ወንድ ነው። የጫካው ካሜራ ላይ ደጋግሞ ስለታየ አውቀነዋል። ፊት ለፊት ሳለ ጠበቅኩ፤ ዞሮ ጎኑን ሰጥቶ የቅርብ እጁን ወደ ፊት እስኪዘረጋ ጠበቅኩ። ያኔ ከትከሻው ኋላ ያለው የሳንባው ቦታ ይከፈታል። ዝቅ አድርጌ ነው ያነጣጠርኩት። ለዚህ ምክንያት አለው። የድብ ስብ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ጸጉሩ ደሙን ይመጥጣል፤ የደም ዱካ በቀላሉ አይገኝም። ፍላጻው ወዲያኛው ጎን በዝቅታ ከወጣ ግን ደሙ ይወርዳል። ሮጠ፣ ቅርንጫፍ ተሰበረ፣ ከዚያ ያ ሰዎች የሚያወሩለት ረጅም ማቃሰት ተሰማ። ያንን ድምፅ ቀላል አድርጌ መናገር አልችልም። ሕይወት ነው የወጣው።

ወዲያው አትውረድ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ የገባበትን አቅጣጫ በዛፍ ምልክት ያዝ፣ ብቻህንም አትከተል። ባልደረባዬና ሽማግሌው የግንባር ባትሪ ይዘው መጡ፤ ሩቅ አልሄደም ነበር።

ሴፕቴምበር ይሞቃል፣ የድብ ቆዳና ስብ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። ሥጋው እንዳይበላሽ ቶሎ መገፈፍ አለበት፤ በረዶ ገዝተህ ቀድመህ አዘጋጅ። ድቡን በ48 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ጥርስም ነቅለህ ለግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ትሰጣለህ፤ እንደ ዛፍ ግንድ ውስጡ ያለውን ቀለበት ቆጥረው ዕድሜውን ያውቁበታል።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰው። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ነን። የድብ ሥጋ ጥሬውንም ለብለብ ተደርጎም አይሞከርም። ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በፍሪዘር አይሞትም። በ2022 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከካናዳ የመጣ፣ ለ45 ቀን ፍሪዘር ውስጥ የቆየ የድብ ሥጋ በላ። ሥጋው በተፈጥሮው ጥቁር ስለሆነ መብሰሉን በዓይን መለየት አልተቻለም። ስድስት ሰው ታመመ። ከእነሱ ሁለቱ የበሉት ከሥጋው ጋር የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነበር። ሽማግሌው ቤት ሥጋው ሲበስል ቴርሞሜትር ይገባበታል፤ መሀሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ከእሳቱ አይወርድም። የሥጋው መክተፊያና ቢላዋም ለብቻ ነው የሚቀመጠው።