የጠወለገ ሣር ሁሉ ውኃ አልጠማውም

ድርቁ ከጠና ሰንበት ብሏል። የጎልፍ ሜዳችን ፌርዌይ፣ ማለትም ከመምቻው እስከ ቀዳዳው አካባቢ የተዘረጋው ሰፊ ሣር፣ ቡናማ ሆኗል፤ እሱ እንኳ ብዙም አላሳሰበንም። በርሙዳ ሣር ውኃ ሲያጣ ቅጠሉ ይደርቃል እንጂ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀው ግንዱ ቶሎ አይሞትም። ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ጭንቀታችን ሁሉ ግሪኑ ላይ ነበር። ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ያለው እዚያ ነው፤ ሣሩም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ተትቶ ይታጨዳል። እዚያ የተተከለው ቤንትግራስ የሚባለው ሣር ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። አፈሩ ሲግል ሥሩ ማደጉን ትቶ እያጠረ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ግሪን መልኩን ለወጠ። አረንጓዴው ወደ አመድማ ሰማያዊ አደላ። የረገጥነው ሣር ቀና አልልም አለ፤ ዱካችን እንደታተመ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየና ደነገጠ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ስፕሪንክለሩን ክፈቱት እንጂ! ነገ ውድድር አለብን።»

የቡድን መሪያችን ዕድሜውን ሣር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። «አንዴ ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ ከሥር እንየው» አለና አፈር መዝዞ የሚያወጣውን ቀጭን የብረት ቱቦ አመጣ።

መጀመሪያ የወጋው ዝቅ ያለውን ጥግ ነው። የወጣው አፈር ጥቁርና ጭቃ ነበር፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሥሩ በጣት ሲነኩት እየተላጠ ይወጣል። ውኃው አፈሩን ሞልቶት አየር ስለጠፋ ሥሩ መምጠጥ አቅቶታል። ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር የጠወለገው!

ከዚያ ወደ ጉብታው ወጣ። እዚያ የመዘዘው አሸዋ ደረቅ ነው። ከያዘው ኮዳ ውኃ ጠብ አደረገበት። ጠብታዋ ድብልብል ብላ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፤ አልሰረገችም። የበሰበሰ ሣር ቅሪት የአሸዋውን ቅንጣት እንደ ሰም ሲለብሰው ውኃ አያስገባም። ስፕሪንክለሩ ቢከፈት ኖሮ ውኃው ከጉብታው ተንሸራቶ የሚወርደው ወደዚያው ወደታፈነው ጥግ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ጠብታዋን አያት። ስለ ስፕሪንክለር ዳግመኛ አላነሣም።

እኔ በበኩሌ ሙቀት ሲበረታ ከድርቁ እኩል የምፈራው በድንጋጤ የሚከፈት ውኃን ነው። የደረቀ ቦታ ቢያንስ ከላይ ይታያል። የታፈነ ሥር ግን ካልቆፈሩ አይታወቅም።

ጉብታውን በሹል ብረት ወጋጋነው፤ ውኃ እንዲሰርግ የሚረዳ ፈሳሽ ረጨንበት፤ ከዚያ በጎማ፣ በእጅ፣ ቀስ እያልን አጠጣነው። ጥጉን አየር እንዲያገኝ በስሱ ወጋነውና ውኃ ከለከልነው። ፀሐይ ሲከር ብቻ ቅጠሉ እንዲበርድ ቀለል ያለ ርጭት ይደርሰዋል። የማጨጃውን ምላጭ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግነው። ኳሷ ቀርፈፍ አለች ብለው ያጉረመረሙ ተጫዋቾች ነበሩ። ያጉረምርሙ! ቅጠሉ ትንሽ ሲረዝም ሥሩን ይመግባል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ከሥሩ የሚቀድም ነገር የለም።

ጉብታው ውሎ አድሮ አገገመ። ጥጉ ግን ሳስቶ ነው የቀረው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቆፍረን የውኃ መውረጃ ቱቦ ቀበርንበትና አዲስ ዘር ዘራን።