የአባ ሳሙኤልን እምቦጭ ስመዘግብ

አቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው እምቦጭን ለማየት ጣና ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሞልቶለታል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ስለሚገቡበት አረሙ ምግብ አይቸግረውም። ጂቢፍ የሚባለው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት ግን ይህን የሚያውቀው መዝግቦ የሚያስገባለት ሰው ሲኖር ነው። ካርታው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ብዙ ጊዜ ፎቶ ያነሳ ሰው ያልደረሰበት ነው።

ነጥብ ያለበትንም ዝም ብዬ አላምንም። የድሮ ናሙና ላይ «አዲስ አበባ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ነጥቡ መሃል ከተማ፣ አስፋልት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ መረጃውን አውርጄ መጀመሪያ የማየው የቦታው ስህተት በሜትር የተጻፈበትን ዓምድ ነው።

እኔ የምመዘግበው ሰዎች ያዩትን ዕፅዋትና እንስሳ በፎቶ በሚያስገቡበት መተግበሪያ፣ በአይናቹራሊስት ነው። ከሩቅ የተነሳ አረንጓዴ ምንጣፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ያበጠው የቅጠል አገዳና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ሐምራዊ አበባ በቅርበት መታየት አለባቸው። የሰፈር ልጆችም ያግዙኛል፣ ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ቀኑንና ቦታውን መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። «እንደ ፋይል ላኩልኝ» ማለት ሥራዬ ሆኗል። ሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርያውን ካረጋገጡ በኋላም ባለቤቱ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ፈቃድ ከመረጠ ምዝገባው ወደ ጂቢፍ አያልፍም። ይህችን ቅንብር ማንም አያያትም፤ ድካሙን ሁሉ የምታስቀረው ግን እሷ ናት።

እምቦጭ በአገራችን በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ሲሆን ጣና ላይ በ2011 ነው። የአባ ሳሙኤል ውሃ በአዋሽ በኩል ወደ ቆቃ ስለሚወርድ፣ እዚህ የገባ ፎቶ ለታችኞቹም ወሬ ነው።

ዓሣ መመዝገብ ግን ይከብዳል። ካርፕ ከውጭ የመጣ ነው፤ አፉ ዳር ሁለት ጥንድ ጢም አለው፣ የጀርባ ክንፉም ረጅም ነው። የሞተውንም ቢሆን መመዝገብ ይቻላል፣ ግን ቦታው የተያዘበት እንጂ የተሸጠበት መሆን የለበትም። መንገድ ዳር የሚሸጡት ሁሉ «የአባ ሳሙኤል ነው» ይላሉ። ከዝዋይ ወይም ከቆቃ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መረቡ ሲወጣ ካላየሁ አልመዘግበውም።