ማስተርሱና እምቦጩ

ባህር ዳር ጋዜጠኝነት ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ ቴሲሴ ደግሞ ጋዜጦች ስለ እምቦጭ እንዴት እንደዘገቡ ነው፣ አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ። እያንዳንዱን ዜና እያነበብኩ ማን ተናገረ፣ ስንቴ ባለስልጣን ስንቴ አሳ አስጋሪ እያልኩ ኮድ አደርጋለሁ፣ ማለትም በየምድቡ እመዘግባለሁ፣ አንዷ ክላስሜቴ የተወሰነውን ደግማ ትሰራዋለች፣ ካልተስማማን የአመዘጋገብ መመሪያውን እናስተካክላለን።

ቅዳሜ ሀይቁ ዳር ወርጄ አንድ አባት መረባቸው ውስጥ የተጠላለፈውን የእምቦጭ ስር፣ ጥቁር ፀጉር የመሰለውን፣ በጣታቸው ቀስ እያሉ ሲያላቅቁ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ ያለን የለም» አሉኝ። በጣም ነው የተሰማኝ። የኔ ኮዲንግ ሺትም ይሄን የሚይዝበት ቦታ የለውም ነበር! ማታውኑ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ሰውየው ተጠይቋል ወይስ ፎቶው ብቻ ነው ያለው? አሁን ያነበብኳቸውን በሙሉ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።