ጎመኑ ለልጁ፣ ጥብሱ ለአባት?

በብዙ ቤት ረቡዕና ዓርብ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ቀይ ሥሩ ይደረደራል፤ ፍስክ ሲሆን አትክልቱ ከገበታ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 350 ግራም፣ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ሰው 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ድንች አይቆጠርም፤ አልጫው በድንች ሲሞላ ይህ ይረሳል።

አባት ጥብሱን ወደ ራሱ ስቦ ጎመኑን ወደ ልጁ ከገፋ «አትክልት ብላ» የሚለው ምክሩ ዋጋ የለውም። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ» ማለትም ጎመኑን ቅጣት ያስመስለዋል። አዲስ አትክልት በአንድ ማንኪያ ይጀመር፤ እስኪለመድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የድስቱ ነው። ጥቅል ጎመን ብዙ ሲበስል የድኝ ሽታ ያወጣል፣ ልጆች የሚሸሹትም ይህን ነው። ሽንኩርቱ ሲበስል ካሮቱ ይግባ፤ ከ8 ደቂቃ በኋላ በቀጭኑ የተከተፈው ጥቅል ጎመን ይጨመርና ክዳኑ ተከፍቶ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይቆይ። ለምሳ ዕቃ ከሆነ ውኃው ይንጠፍ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከከደኑት እንፋሎቱ እንጀራውን ያላቁጠዋል።