የኤስኤፍ-9 ሴሎች ሊፒድ (ቅባት) በእድገት ደረጃ ሲለካ፦ ስህተቱ ከክሎሮፎርሙ በፊት ይጀምራል

ኤስኤፍ-9 ሴሎች የመጡት በቆሎ ማሳ ላይ መጤ ተምች ከምንለው ነፍሳት እንቁልጢ ነው። በ27 ወይም በ28 ዲግሪ ያድጋሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠይቁም። ለጎንደር ላብራቶሪ ምቹ ናቸው፤ ሌሊቱ ግን ያታልላል። መብራት ጠፍቶ ፍላስኩ ከቀዘቀዘ ሴሎቹ ሽፋናቸው እንዳይጠጥር ያልጠገቡ ፋቲ አሲዶችን ሊያበዙ ይችላሉ። ያኔ የተለካው የእድገት ደረጃ ሳይሆን ብርዱ ነው። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ኢንኩቤተሩ ውስጥ ይኑር።

ዘሩ፣ ማለትም የመነሻው የሴል ብዛት፣ በሚሊ ሊትር 500,000 ይሁን። ናሙና ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፦ በ24 ሰዓት፣ ቆጠራው በሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሲደርስ፣ እና ለሁለት ተከታታይ ቀን ቁጥሩ ሳይጨምር ሲቀር። በመጨረሻው ላይ በትራይፓን ብሉ (የሞተ ሴልን ብቻ በሚያቀልም ቀለም) ሲታይ ሕያው የሆነው ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ናሙናውን ተዉት፤ የሚሞት ሴል ፎስፎሊፒዱን (የሽፋኑን ዋና ቅባት) እየሰባበረ ነጻ ፋቲ አሲድ ይለቃል፣ እኛም «የደረጃው ለውጥ» ብለን እንጽፈዋለን። ለአንድ ቱቦ 10 ሚሊዮን ሴል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ብዙ ሚዲየም (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ይበላል።

እጥበቱን አትቸኩሉበት። ነፍሳት የስቴሮልን (ኮሌስትሮል ያለበት የቅባት ቤተሰብ) ቀለበት ራሳቸው አይሠሩም፤ የሴሉ ኮሌስትሮል የሚመጣው ከሴረም (ሚዲየሙ ላይ ከሚጨመረው የጥጃ ደም ፈሳሽ) ወይም ከተጨማሪ ሊፒድ ነው። ሴረሙ ታጥቦ ካልወጣ የምትለኩት የጥጃውን ኮሌስትሮል ነው፤ የሴረም ባች መሃል ላይ ከተቀየረም ደረጃዎቹ አይወዳደሩም። በሴንትሪፉጅ በ300 ጂ ለ5 ደቂቃ እየዞረ፣ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ የማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ የፒቢኤሱ ፒኤች 6.2፣ ኦስሞላሪቲው (የተሟሟ ነገር ብዛቱ) 350 ሚሊኦስሞል ገደማ ይሁን። ለአጥቢ እንስሳት ሴል የተዘጋጀው 290 አካባቢ ስለሆነ ሴሎቹን ያሳብጣል።

ሊፒዱን ከሴሉ የማውጫው ዘዴ የብላይና ዳየር ነው፦ ሴሉ በ0.8 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ክሎሮፎርምና 2 ሚሊ ሜታኖል፤ በደንብ ከተናወጠ በኋላ 1 ሚሊ ክሎሮፎርምና 1 ሚሊ ውሃ ይጨመራል። የምትፈልጉት ሊፒዱ ያለበት የታችኛው ንብርብር ነው። ቱቦው ብርጭቆ፣ ክዳኑ ቴፍሎን ያለው ይሁን፤ ፕላስቲክ ወይ ይሟሟል ወይ የራሱን ነገር ይጨምራል።

ገለልተኛ ቅባቶችን በሲሊካ ሳህን ለመለየት ሄክሳን፣ ዳይኤትል ኤተርና አሴቲክ አሲድ በ80፣ 20፣ 1 ይደባለቃሉ። እዚህ ላይ ከፍታችን ይገባበታል፦ ከ2,100 ሜትር በላይ ኤተር የሚፈላው በባሕር ጠለል እንደሚፈላበት በ35 ዲግሪ ሳይሆን በ28 ገደማ ነው። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ድብልቅ ኤተሩን አጥቶ ነጠብጣቦቹን ዝቅ ያደርጋል። ጠዋት ቀላቅሉ፣ ሳህኑ የሚቆምበትን ታንክ ውስጡን በማጣሪያ ወረቀት ሸፍናችሁ ክደኑት፣ ለየሳህኑ አዲስ አድርጉ። ሦስቱንም ደረጃዎች በአንድ ሳህን ላይ ማስኬድ ከሁሉ ይሻላል። ከመነሻው የማይንቀሳቀሰው ፎስፎሊፒድ ነው፤ ትራይግሊሰራይዱ ከላይ ይታያል።

ዋናው አከራካሪ አካፋዩ፣ ማለትም የሊፒዱ መጠን በምን እንደሚካፈል፣ ነው። የሴል መጠን ከደረጃ ደረጃ ስለሚለያይ «በሴል» ብቻ መከፋፈል ያሳስታል፤ ፕሮቲንም አብሮ ይለካ። ጠቅላላ ፎስፎሊፒድን በስቱዋርት ዘዴ (ፎስፎሊፒድ ከብረት ውህድ ጋር የሚሰጠውን ቀለም በመለካት) በ488 ናኖሜትር የምትለኩ ከሆነ ደግሞ ከፎስፎሊፒድ ዓይነቶች ፎስፋቲዲልኤታኖላሚን ከፎስፋቲዲልኮሊን ያነሰ ቀለም እንደሚሰጥ አስቡ፦ የሁለቱ ምጣኔ ብቻ ቢቀየር እንኳ ጠቅላላው የቀነሰ ይመስላል። እንዲህ ሲያጠራጥር በፐርክሎሪክ አሲድ አቃጥሎ ፎስፈረሱን መለካት ነው።