ከእንጦጦ ዳገት ወደ ዋዲ ረም፦ አምስት ቀን በፈረስ

ዋዲ ረም የገባነው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ኮርቻ የለመድን፣ ነገር ግን የለመድነው በእንጦጦ ብርድ፣ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር። ደቡብ ዮርዳኖስ ውስጥ ያለው ይህ ሸለቆ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ አሸዋ፣ ከመሬቱ ቀጥ ብለው የቆሙ የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ደመና የሌለበት ሰማይ ነው። ከአማን በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከአቃባ ወደብ ግን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ከፍታውን እንናገር፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባን ሰው ያታልለዋል። የዮርዳኖስ ትልቁ ተራራ ጀበል ኡም አድ ዳሚ 1,854 ሜትር ነው፤ ከአራዳ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የሸለቆው ወለል ደግሞ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ይቀልላል፣ ጉልበት የተጨመረ ይመስላል። አየሩ ደረቅ በመሆኑ ላብ ቆዳ ላይ ሳይታይ ይተናል። ሸሚዝህ ደረቅ ነው፣ ራስህን ግን ማመም ጀምሮሃል። ውሃ ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። ኮርቻ ላይ ሆነን በየሃያ ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ እንጠጣ ነበር፤ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይሆናል። ከዚያ ውስጥ አንዱን ሊትር ከፋርማሲ በገዛነው ኦአርኤስ በጠበጥነው። ኦአርኤስ ያለቀበት ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሟ፤ ጨው ከዚያ አይብለጥ።

ዝግጅቱን የጀመርነው ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት ነው። የጭኑ የውስጥ ጡንቻና ወገብ በአንድ ቀን አይጠነክርም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጦጦ ሁለት ሁለት ሰዓት ጋለብን፤ ሌላውን ቀን ደግሞ ጃን ሜዳን በእግር ዞርን። ልምምዱ ሽምጥ መጋለብ አልነበረም፤ ሶምሶማ ነበር። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ በየሁለተኛው እርምጃ ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ማለትን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ መሥራት የቻለ ሰው በረሃው አይከብደውም። ያልቻለ ሰው በሦስተኛው ቀን ኮርቻው ላይ እንደ ጆንያ ይወድቃል፤ ያን ክብደት የሚሸከመው የፈረሱ ጀርባ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጂንስ ነው። ውስጥ እግሩ ላይ ያለው ወፍራም ስፌት በላብና በአሸዋ ተጨምሮ በአንድ ቀን ቆዳ ይልጣል። ስፌቱ ከውጭ የሆነ ወይም ጨርሶ የሌለው የሚለጠጥ ሱሪ ይሻላል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተረከዝ ያለው ይሁን። ተረከዝ ከሌለው እግር እርካቡ ውስጥ ሾልኮ ይገባል፤ ከወደቅህ ፈረሱ ይጎትትሃል። አባቶቻችን በባዶ እግር የእርካቡን ቀለበት በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ይዘው የጋለቡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሲወድቁ እግራቸው ወዲያው ይለቀቃል። ሄልሜት የግድ ነው፣ በሄልሜቱ ሥር ደግሞ ስስ ሻሽ። ነጠላ ግን ኮርቻ ላይ አይሆንም፤ ጫፉ በነፋስ ሲርገበገብ ፈረስ ያስደነብራል፣ ከኮርቻውም ጋር ይያያዛል። ጋቢ ይዘን መሄዳችን ትክክል ነበር። ሽሮ ሜዳ የገዛነው ወፍራም ጋቢ ከመኝታ ከረጢቱ ላይ ተጨምሮ ሌሊቱን አሞቀን፤ ቀን 28 ዲግሪ የነበረው ሙቀት ሌሊት ወደ 10 ይወርዳልና።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ዮርዳኖስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። ነገር ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። መሪው «በስድስት እንነሣለን» ሲል በእኛ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ምሽት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በረሃ ውስጥ የጠዋት አንዲት ሰዓት ከቀትር በኋላ ካሉ ሦስት ሰዓታት ትበልጣለች።

ፈረሶቹ የአረብ ዝርያ ናቸው፤ ከእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ይረዝማሉ፣ ክብደታቸው 400 ኪሎ አካባቢ ነው። ፈረሰኛውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት ከአምስት አንዱን ማለፍ የለባቸውም፤ ለ400 ኪሎ ፈረስ ይህ 80 ኪሎ ነው። ክብደትህን አስቀድመህ በትክክል ንገር። አፍረህ አምስት ኪሎ ብትቀንስ የሚታመመው ፈረሱ ነው። ቤዱዊኖቹ፣ የበረሃው አረቦች፣ የፈረስን ትውልድ የሚቆጥሩት በእናቲቱ በኩል ሲሆን ባዝራን፣ ሴቷን ፈረስ፣ እጅግ ያከብራሉ። ፈረስን በማክበር እኛም አናንስም፤ ጀግናውን በፈረሱ ስም የጠራን ሕዝብ ነን፣ አባ ዳኘውም አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት እስከ ዛሬ ፈረሱ ላይ ነው።

በእጃችን አያያዝ ግን ልዩነት አለ። የአገራችን ልጓም ብርቱ ነው፤ ፈረሱም ዛብ (ከልጓሙ ወደ እጅ የሚመጣው ጠፍር) ጠበቅ ሲል መቆምን ለምዷል። እዚያ ብዙዎቹ ፈረሶች ያለ ብረት፣ አፍንጫ ላይ በሚያርፍ ማሰሪያ ብቻ ይጋለባሉ። በሁለት እጅ አጥብቀህ ስትጎትት አንገቱን ይዘረጋና ይብሳል። ለማቆም ወደ ኋላ ቁጭ በል፣ ትንፋሽ አውጣ፣ ዛቡን ጠበቅ ለቀቅ አድርግ። ካልቆመ አንዱን ዛብ ብቻ ቀስ ብለህ ወደ ጉልበትህ ሳብና ክብ እንዲዞር አድርገው፤ የዞረ ፈረስ መፍጠን አይችልም።

ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባውንና ድብዳቡን፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን፣ በእጅ መዳሰስ አለብህ፤ በብሩሽ ብቻ አይተማመኑበትም። በድብዳቡ ሥር የቀረች እፍኝ የማትሞላ አሸዋ ለአምስት ሰዓት ስትፈጭ ማታ ገጣባ፣ የጀርባ ቁስል፣ ትሆናለች፤ ገጣባ የወጣበት ፈረስ ጉዞው አበቃ ማለት ነው። የሆድ ጠፍሩ ሲጠብቅ ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ ስለዚህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ወርደህ እንደገና አጥብቅ። ያንን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ኮርቻው ወደ ጎን ይዞርበታል። የእርካቡን ርዝመት ለመለካት ጣትህን የእርካቡ ጠፍር ከተንጠለጠለበት ብረት ላይ አድርግ፤ የእርካቡ ታች ብብትህ ዘንድ ከደረሰ ልክ ነው። ስትወጣ ድንጋይ ላይ ቁም፤ ከመሬት ተንጠልጥሎ መውጣት የፈረሱን ጫንቃ ያጣምማል።

በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እንሄድ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በእርምጃ ነው፤ ጅማት ሳይሞቅ ሶምሶማ የለም። አሸዋውን በቀለሙና በገጹ መለየት ይቻላል። ነፋስ የከመረው፣ ኮቴ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጠው ቀይ አሸዋ ላይ በእርምጃ ብቻ ነው የሚኬደው፤ እዚያ መጋለብ የፊት እግር ጅማት ይጎዳል። ደንገላሳ (ከሶምሶማ የፈጠነ፣ ከሽምጥ የዘገየ ግልቢያ) እና ሽምጥ የሚቻለው ውሃ ደርቆ የተወው፣ ሸክላ የመሰለ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ቃዕ ይሉታል። የአሸዋ ክምር ስትወርድ ቀጥ ብለህ ውረድ፣ በአግድም አትሞክር፤ አሸዋው ከተናደ ፈረሱ በጎኑ ይወድቃል፣ ቀጥ ካለ ግን በኋላ እግሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ወገብህን ቀና አድርግ፣ ዛቡን አርዝምለት። ስትወጣ ወደ ፊት ዘንበል በልና ጋማውን ያዝ።

በፈረሶቹ መካከል የአንድ ፈረስ ርዝመት ይቅር። ፊታቸው ወደ ሰፈር ሲዞር ራሳቸው ይፈጥናሉ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሰዓት ሁልጊዜ በእርምጃ ይሁን። አንድ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ አቧራማ ነፋስ ተነሣ። እንዲህ ሲሆን መጋለብ ይቆማል፤ ፈረሶቹን ጀርባቸውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ከድንጋይ ጥግ መጠበቅ ነው። ዝናብ ብርቅ ቢሆንም ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ጎርፍ ሆኖ በደረቁ ወንዝ ስለሚመጣ ድንኳን ወንዙ መሐል አይተከልም።

የውሃው ነገር ያስደንቃል። ዝናቡ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርግና ከሥሩ ካለው ግራናይት ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል፤ በሁለቱ ድንጋይ መጋጠሚያ ላይ በትናንሽ ምንጭ ይወጣል። ተራራው ላይ ከፍ ብሎ የአረንጓዴ መስመር ካየህ ምንጭ አለ። ለፈረሶች ግን አይበቃም፤ አንድ ፈረስ በሙቀት በቀን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል፣ ውሃው ከሰፈር ወደ ሰፈር በመኪና ይመጣል። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨው የበዛበት ስለሆነ ማታ ገብሱ ላይ ጨው ይጨመራል። ገብሱ መሬት ላይ አይደፋም፣ አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል ከረጢት ይሰጠዋል። ከአሸዋ ላይ የበላ ፈረስ አሸዋውንም ይውጣል፤ አሸዋው አንጀቱ ውስጥ ተከማችቶ ሊገድል የሚችል የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ፈረስ መብላት ካቆመና ጎኑን እየዞረ ካየ ወዲያው ለመሪው ይነገር። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጠህ ልቀቅ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥቷል። ድዱን በጣት ተጭነህ ስትለቅ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ መመለስ አለበት።

የሄድነው በጾም ነው። ፉል፣ ሁሙስ፣ ምስርና ትኩስ ቂጣ በየሰፈሩ ስለሚገኝ አልተቸገርንም። ዛርብ የሚሉት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚበስለው ምግብ ግን ሥጋውና አትክልቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይደራረባል፤ ስቡ እንዳይንጠባጠብበት አትክልቱ ለብቻው እንዲቀበር ከጠዋቱ መናገር ይገባል። በስንቅ የያዝነው በሶ ከሁሉ ጠቀመ። ሁለት ማንኪያ በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ለቀትር በቂ ነው። ቆሎ ግን በደረቀ አፍ አይወርድም።

ስትመለስ ጫማህን እዚያው በብሩሽና በሳሙና እጠብና ፀሐይ ላይ አድርቅ። ከአዲስ አበባ ስትነሣም ያገለገለ ድብዳብ ወይም ጠፍር ይዘህ አትሂድ። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ የተለመደው የቁስልና የእባጭ ፈንገስ በዕቃ ይተላለፋል፤ ከዚህም እንዳትወስድ፣ ከሌላም ቦታ ወደ እንጦጦ ፈረሶች እንዳታመጣ።